በጃኬት የተጠቀለለችው ፔሊካን

የዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤቱ መኪና ከዓሣ ሱቁ በር ላይ ሲቆም፣ የሱቁ ባለቤት እትዬ መጥረጊያዋን እንደያዘች ብቅ ብላ «ዛሬ ዝግ ነው!» አለች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ውስጥ ደንበኛ ተሰልፏል። እሷ ግን ዝግ ነው ካለች ዝግ ነው።

ከመኪናው የወረደው ወፌ ሳቀ። ወፌ የእንስሳት ሐኪም ነው። የሐይቁ ወፎች ለምን እንደሚሞቱ ሲያጠና ስለኖረ የከተማው ሰው እናቱ ያወጣችለትን ስም አስጥሎ ወፌ አለው።

«እትዬ፣ ፍሪዘርሽን ነጻ ላወጣልሽ ነው የመጣሁት። አዲሱ ላቦራቶሪ ተከፈተ። ከእንግዲህ የምታቀዘቅዢው ዓሣሽን ብቻ ነው።»

«ማን ነጻ አውጡኝ አላችሁ?»

እውነቷን ነው፤ ማንም አላላቸውም። መጀመሪያም ቢሆን ፍሪዘሯን ሲወስዱባት የጠየቃት አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጽሕፈት ቤቱ፣ ዩኒቨርሲቲውና የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ወፎቹን አብረን እናጥና ብለው ሲፈራረሙ አዳራሽ ተዘጋጅቶ፣ ወንበሩ ሁሉ ጨርቅ ለብሶ፣ አንድ ኃላፊ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ንግግር ጀመሩ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ከፊት ተቀምጦ «ክቡርነትዎ፣ እኛ ጋ ያለው ወፍ ነው» ቢላቸው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያ ሊቀመንበር የእትዬ ባል ነው። ካፒቴን ይሉት ነበር፤ ካፒቴንነቱስ አራት ሰው ከጫነች አምስተኛውን በምትቆጣ ጀልባ ላይ ነው።

በውሉ መሠረት መንግሥት ሐኪምና መኪና ያመጣል፣ ዩኒቨርሲቲው ዕውቀቱን፣ አስጋሪዎቹ ደግሞ ሐይቁ ላይ ሞቶ ያገኙትን ወፍ። ሁሉ ነገር ታስቦበታል። ወፉ እስኪመረመር የት ይቀመጥ የሚለውን ግን አንድም ሰው አላሰበም! የጽሕፈት ቤቱ ፍሪጅ የኃላፊውን ውሃ ከማቀዝቀዝ ያለፈ ሙያ አልነበረውም፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ሩቅ ነው። ካፒቴን ብድግ አለና «ሚስቴ ፍሪዘር አላት» አለ። ያን ዕለት ማታ ቤት ውስጥ የተባለውን እዚህ ባንደግመው ይሻላል።

እንዲህ ተብሎ የተጀመረ ነገር ያን ያህል ደስ ይላል ብሎ ማን ይገምታል? በአንድ በኩል ዓሣ፣ በሌላው በኩል ወፍ። ተማሪዎቹ እየመጡ በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ይለካሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይከራከራሉ። እትዬ «እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓሣዬን እንዳትነኩ!» እያለች ትጮህባቸውና መልሳ ጠብሳ ታበላቸዋለች። አንድ ቀን ግርግር በዝቶባት ለሆቴሉ ወጥ ቤት ሳታውቅ የጥናቱን ዳክዬ ጠቅልላ ሰጠች። ወጥ ቤቱ ጥቅሉን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ እየሮጠ መጣና «እትዬ፣ ዓሣሽ ክንፍ አወጣ እንዴ?» ቢላት ካፒቴን እስኪያስለው ሳቀ። ወይ ያ ጊዜ! ቤቱ ሰው ነበር፣ ሳቅ ነበር።

ኋላ ትልልቆቹ ተኳረፉ። የጥናቱ ውጤት የማን ነው በሚል ጽሕፈት ቤቱና ዩኒቨርሲቲው ተያዩ፣ ተጻጻፉ፣ ከዚያ ዝም ተባባሉ። ውሉ ሲያልቅ የሚያድሰው ጠፋ። ወፌ ከቢሮ እንዳይወጣ ተደረገ፣ መኪናዋም ቆመች። በዚያው ክረምት ወፎቹ እንደ ቅጠል ረገፉ፤ አስጋሪዎቹም «ማን ሊመረምረው» እያሉ ቀበሯቸው። ካፒቴን ደረቱን ታሞ ቤት ውሎ ነበር። አንድ ጠዋት ግን አላስችል አለውና ጃኬቱን ደርቦ ተነሣ።

«ለማን ብለህ ነው? ውሉ እንደሆነ አልቋል» አለችው እትዬ።

«ወፏ ውሉ ማለቁን ሰምታለች እንዴ?» ብሏት ወጣ።

ነፍሷ ያልወጣ ፔሊካን ደለል ላይ አገኘ። ይሞቃት ብሎ ጃኬቱን አውልቆ ጠቀለላት፤ ጀልባው ላይ እቅፉ ውስጥ ሞተች። እየተንቀጠቀጠ መጥቶ ከነጃኬቱ ፍሪዘሩ ውስጥ ከሥር ከተታትና «ጃኬቴን ነገ አወጣዋለሁ» አለ። በነጋታው ሆስፒታል ገባ። ከዚያም አልተመለሰም።

እትዬ ልብሱን ሁሉ ለዘመድ አድላለች። ያቺን ጥቅል ግን ዓሣ ከምራባት ሆድ ይፍጀው ብላ ተቀመጠች። ውሉ ታድሶ ወፌ ሲመለስ እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

አሁን ወፌ ሣጥን በሣጥን እያወጣ ከታች ደረሰ። ከበረዶው ውስጥ የጃኬት እጅጌ ወጥቷል። ቀና ብሎ አያት።

«የካፒቴን ነው» አለ።

እትዬ ሁሉንም ነገረችው። ወፌ እጅጌው ላይ ያለውን በረዶ በእጁ ጠረገ።

«የዚያ ክረምት ወፍ በጥናቱ ውስጥ አንድም የለንም እትዬ። ምን እንደገደላቸው እስከ ዛሬ አላወቅንም።» ከዚያ ክዳኑን ቀስ ብሎ መለሰው። «ግን እኔ እንዳላየሁ ልሁን። አንዲት ወፍ ናት፣ ትቅር።»

ይሄኔ ነው የነደዳት። «አንዲት ወፍ? እሱ ታሞ የወጣው ለማን ሆነና! እኔ እንደሆንኩ የሱን ወፍ ደብቄ ፍሪዘሬ ላይ የተኛሁ ዓይን አውጣ ነኝ፤ አንተ ደግሞ ልታግዘኝ? ውሰዳት። ጃኬቱን ግን ስጠኝ።»

«በበረዶው አንድ ላይ ተጣብቀዋል። እዚህ ካቀለጥናት ትበላሻለች። ላቦራቶሪው ጋ ደግሞ ቶሎ እንዲያልቅ በመቀስ ቀደው ነው የሚያወጧት።»

«ማን ነው የሚቀደው?» መጥረጊያውን ጥላ የሱቁን በር ጎተተች። ደንበኞቹ አጉረመረሙ። «ዝግ ነው አልኳችሁ እኮ! ወፌ፣ ማኅበሩ የውሉ ወገን ነው፣ እኔም የማኅበሩ አባል ነኝ። መኪናው ውስጥ ቦታ ልቀቅልኝ።»

መንገዱን ሙሉ ፔሊካኗ ያለችበትን የበረዶ ሣጥን ጭኗ ላይ አድርጋ ሄደች። ጉልበቷ ደነዘዘ፤ ወፌ ከኋላ እናድርገው ቢላት እንቢ አለች።

የዩኒቨርሲቲው አዲሱ ላቦራቶሪ ነጭ በነጭ ነው፣ በረኪና በረኪና ይሸታል። አንዲት ወጣት ተመራማሪ ሣጥኑን ተቀብላ «እናቴ፣ ቀስ ብላ መቅለጥ አለባት፤ ነገ ይመለሱ» አለቻት። እትዬ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ አደረች፤ እንቅልፍ ግን ባይኗ አልዞረም። ቀድደውት ቢሆንስ? ጃኬቱን ስትጠብቅ ያ ሰውዬ ሁለተኛ የሚሞትባት መሰላት።

በማግሥቱ ልጅቷ መቀስ አላነሣችም። ዚፑን ስባ ከፈተች፣ ክንፎቹን አንድ በአንድ እያላቀቀች ፔሊካኗን ወደ ራሷ ጠረጴዛ ወሰደች። «ደህና ናት፣ ለምርመራው ትሆናለች» ስትል ወፌ በረጅሙ ተነፈሰና አየር ልውሰድ ብሎ ወጣ። ጃኬቱን በመድኃኒት አጥበው፣ ለእትዬ ጓንት አልብሰው፣ እንደራሰ እጇ ላይ አኖሩላት።

እትዬ ምንም አላሰበችም። ጃኬቱን ጥምዝዝ አድርጋ ጨመቀችው፣ አየር ላይ ጧ አድርጋ አራገፈችው፤ ባሏ ከሐይቅ በተመለሰ ቁጥር ማታ ማታ ታደርገው የነበረ ነው። ፊቷንም ወደ በሩ መልሳ፣ እንደ ወትሮው በቁጣ፣ «እግርህን ጥረግና ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል!» አለች።

ልጅቷ ሥራዋን አቋርጣ ቀና አለች። እትዬ አፏን በጓንቷ ያዘች፣ እንባዋም ዱብ ዱብ አለ።

በሩ ላይ የቆመው ወፌ ነበር። ጎንበስ ብሎ እግሩን ጠረገና ገባ።