ፊሽካ የሌለው ማሪሞንዳ

የንፍፊት ካንሰሩ ወደ አንጎሉና ወደ ነርቮቹ ከዘለቀ ወዲህ አባቴ ግራ ከንፈሩ አይታዘዘውም። ጭማቂ ሲጠጣ በአገጩ ይወርዳል። የካርኒቫል ፊሽካውን ሲነፋ ደግሞ አየሩ በግራ በኩል ያመልጣል። ሐኪሟ መድኃኒቱን በመርፌ በጀርባ አጥንቱ በኩል ከሰጠችው በኋላ፣ «መጀመሪያ ከንፈሩን እዩት፤ ከተመለሰ መድኃኒቱ ደርሷል ማለት ነው። ሕዝብ መሃል ግን እንዳይገባ» አለችን። የእብጠት ማስታገሻው ክኒን እንቅልፍ ነስቶት፣ በቀን ስድስት አሬፓ፣ እንቁላል የተሞላ የበቆሎ ቂጣ፣ ያስበላዋል፤ ከግድግዳ ጋርም ያስቀልደዋል።

የካርኒቫል ቅዳሜ የማሪሞንዳ ልብሱ፣ ያ የባለጭምብሉ ቀልደኛ ልብስ፣ ከመስቀያው ላይ የለም። እሱም የለም።

«ሄዷላ» አለች አክስቴ ኔሪስ። «ጭምብሉ ከንፈሬን ይሸፍንልኛል ሲል ነበር።»

ሮጥኩ። ጎዳናው ላይ ሦስት መቶ ማሪሞንዳ ይዘላል፤ ሁሉም ረጅም አፍንጫ፣ ሁሉም ሰፋፊ ጆሮ፣ ሁሉም ፊሽካውን እየነፋ በሰው ያላግጣል። አንዱ ብቻ አይነፋም። ቦርጩም የአባቴ ቦርጭ ነው። እጁን ያዝኩ።

«አባዬ፣ ና እንሂድ።»

ማሪሞንዳ አይናገርም፤ ከተናገረ በድምፁ ይታወቃላ።

«ሐኪሟ ያለችውን ረሳኸው?»

አፍንጫውን አወዛወዘብኝ። ስጎትተው አይነቃነቅም፤ ስጨፍር ግን ይከተለኛል። እኔ በሠርግ እንኳ ከወንበሬ የማልነሳዋ ልጅ፣ እስከ ሰፈራችን ድረስ እየጨፈርኩ ወሰድኩት። ጎረቤቶች አጨበጨቡ።

በራችን ላይ ስንደርስ ከበረንዳው ፊሽካ ተነፋ፤ ረጅም፣ ባለጌ ፊሽካ። አባቴ ጭምብሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ሌላ አባት አመጣሽ?»

ከጎኔ ያለው ማሪሞንዳ ጭምብሉን አወለቀ። ዓሣ ሻጩ ዶን አርጌሚሮ ነው፤ በላብ ርሷል።

«ፊሽካዬ ጠፍቶብኝ ነው» አለ። «ልጅህ እንዲህ ስታስጨፍረኝ እምቢ ልበል? ምሳ አለ?»

«አንተስ የት ነበርክ?» አለችው አክስቴ አባቴን።

«ከውኃ ታንከሩ ጀርባ። ፊሽካውን ስሞክር፣ አልነፋ ቢለኝ እንዳታዩኝ ብዬ።»

በረንዳው ላይ ፊሽካውን የነፋው እሱ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አጠገቡ ሄጄ መዳፌን ግራ ጉንጩ ላይ አደረግሁ።

«እስቲ ድገመው።»

ነፋ። መዳፌን የነካው አየር የለም። ከንፈሩ ጥጉ ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠ እንጂ ገጥሟል። እየሳቅሁ ደግሜ አስነፋሁት፤ ከዚያም ደግሜ፤ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ማሪሞንዳዎች ሁሉ በፊሽካ እስኪሰድቡን ድረስ።