ሟቹ ያልጻፈው አንጓ

«ቲቸር፣ አራተኛው አንጓ ፈረንሳይኛው ላይ የለም» አለች አንዷ ተማሪ፣ የመምህሯን የግጥም ትርጉም ከፈረንሳይኛው መጽሐፍ ጋር እያስተያየች።

መምህሯ ሳቀች። «ደህና አድርገሽ ፈልጊ። ሟቹ ገጣሚ አምስት አንጓ ነው የጻፈው።»

«አራት ነው፣ ቲቸር።»

መጽሐፉን ተቀብላ ስታየው ሳቋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። ልጅቷ ልክ ናት። መምህሯ ስትተረጉም የራሷ ፈሊጥ አላት፤ ግጥሙን በቃሏ ታጠናና መጽሐፉን ትዘጋለች፣ ከዚያ ሳህን እያጠበች ጆሮዋ ውስጥ የቀረውን በራሷ ቋንቋ ትጽፋለች። አሁን ግን ጆሮዋ ከገዛ ሆዷ የወጣ አንጓ መሀል ሰክቶ ቁጭ ብሏል። ይባስ ብሎ የትርጉም መጽሐፏ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ነው፤ አሳታሚው ለጀርባ ሽፋን የመረጠውም ይህንኑ አንጓ ነው።

ትምህርቱ እንዳለቀ ወደ አሳታሚው ቢሮ ገሰገሰች። የራሷን ግጥሞች «አንባቢ የላቸውም» እያለ ሲመልስባት የኖረ ሰው ነው። ከመጨቃጨቃቸው ብዛት አንተ አንቺ መባባል ከጀመሩ ቆይተዋል።

«ይሄ አንጓ ይውጣልኝ» አለችው፣ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የእርማት ወረቀት እያመለከተች። «የሟቹ አይደለም፣ የኔ ነው።»

«የመጽሐፉ ነፍስ እኮ እሱ ነው! ደግሞ ማን ያውቃል?»

«ተማሪዬ አውቃለች።»

አሳታሚው መነጽሩን አወለቀ። «እህቴ፣ በሱ ስም ሰው ይሻማበታል። ባንቺ ስም ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ተይው ባክሽ፣ ነገር አታክብጂ።»

ድሮ ቢሆን ይህ አነጋገር ቅስሟን ይሰብረው ነበር። ዛሬ ግን ከልቧ ደስ አላት። ስሟን እያየ ሲመልሰው የኖረውን ሥራ፣ ስሟ ሲሸፈንለት ነፍስ ብሎ ጠራው።

«ነፍስ ነው ያልከው አንተ ነህ» አለችና እስክሪብቶውን ከፊቱ አንስታ አንጓውን ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው።

«ሽፋኑስ ባዶ ሊቀር ነው?»

«የሟቹ አራት አንጓ አለልህ፣ ከዚያ ምረጥ።»

ቦርሳዋን አንግታ ተነሳች፤ ግን አልወጣችም። ወንበሩን ስባ እንደገና ተቀመጠችና ከፕሪንተሩ ላይ ንጹሕ ወረቀት መዘዘች። መጀመሪያ ስሟን በትልቁ ከላይ ጻፈች። ከሥሩ አንጓውን በቃሏ አሰፈረችና ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋችው።

«ይሄ የራሴ የግጥም መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ነው» አለችው። «ቀሪውን ነገ ይዤልህ እመጣለሁ።»