መራመድ የእኔ ሥራ ነበር

ሻጩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ዕቃውን ከመስታወቱ ሳጥን አወጣው፤ ግን አልሰጠኝም። እጁ ላይ እንደያዘው መጠየቅ ጀመረ። በእጅ የሚያዝ የጌም ኮምፒውተር ገዝቶ በሳምንቱ የሚመልስ ሰው ስላሰለቸው፣ ሳይጠይቅ እንደማይሸጥ ነገረኝ።

"ይሄ ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ እህቴ። ቤቱ ጥሩ ኮምፒውተርና ጠረጴዛ ያለው ሰው ባይገዛው ይሻለዋል። ልጻፍበት የሚልም ዓይኑን ያጠፋል። ለማን ነው?"

ለወንድሜ ነው አልኩት። ወንድሜ የኔትወርክ ታወር ጠጋኝ ነው። አንድ ቦታ ሁለት ሳምንት አይቀመጥም፤ የሚያድረው ኮንቴይነር ውስጥ፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ ነው፤ ጠረጴዛ የሚባል ነገር የለውም። ነፋስ ሲበረታ ታወር ላይ መውጣት ስለማይፈቀድ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነፋሱ እስኪበርድ የሚጠብቅበት ሰዓት ብዙ ነው። ሻጩ ባትሪው ከሁለት ሰዓት ብዙም እንደማያልፍ አስጠነቀቀኝ። ጄኔሬተር አላቸው አልኩት።

"እንግዲያው ለእሱ ተለክቶ የተሠራ ነው" አለና ሰጠኝ።

የምፈልገውን የድሮ ጌም ነግሬው ጫነልኝ። እስኪ ልሞክረው ብዬ በግራ አውራ ጣቴ ጌሙ ውስጥ ያለችውን ልጅ አራመድኳት። የመጀመሪያው ጉድጓድ ጋ ስትደርስ ሰተት ብላ ገባች። ደገምኩ። ደግማ ገባች። ሻጩ ሳቅ እያለ "ለአንቺ ግን አይሆንም" አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ያኔ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ልጆች ሳለን ቤታችን የነበረው ኮምፒውተር አንድ ነበር፤ አባዬ ከመሥሪያ ቤቱ ሲወገድ ያመጣው። ወንበሩም አንድ። በተራ ተጫወቱ ስንባል ተራ የሚጠብቀው ስለሚያለቅስ፣ የሚያለቅሰውም ብዙውን ጊዜ እኔ ስለሆንኩ፣ ወንድሜ ኪቦርዱን ለሁለት ከፈለው። ግራው የእኔ፣ ቀኙ የእሱ። ፋኖስ ይዛ በተራራ መንገድ ቤቷን የምትፈልገውን ልጅ እኔ አራምዳታለሁ፤ እሱ ያዘልላታል፣ ፋኖሷን ያበራላታል። ከዚያ ወዲያ ስማችንም ተረሳ። እሱ "ግራዬ" ይለኛል፣ እኔ "ቀኜ" እለዋለሁ። እማዬ ሳትቀር ለምሳ ስትጠራን "ግራና ቀኝ፣ ኑ" ትል ነበር። መጨረሻ ላይ ያለውን የገመድ ድልድይ ሳንሻገር ኮምፒውተሩ ተቃጠለ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ መጣ፤ ከዚያ ሥራ።

አሁን እኔ የውኃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ከብልቃጦች ጋር እውላለሁ። ሰው ማናገር ድሮም አይሆንልኝም፤ ሳልጨነቅ የማወራው ከእሱ ጋር ብቻ ነበር። ከሄደ ወዲህ ግን ስልካችን እያጠረ መጣ። ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ እማዬስ፣ ደህና ናት፣ በቃ ቻው። ጌሙን ቢጫወት ወሬ እናገኛለን ብዬ ነው የገዛሁለት። ናፍቀኸኛል ማለት ስላቃተኝ ነው ቢባልም ሐሰት አይሆንም።

የመሥሪያ ቤታቸው ሾፌር ወደሚያድሩበት ካምፕ ሲሄድ ላክሁለት። "ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥሽ ግራዬ" የሚል መልእክት መጣ። ከዚያ ጭጭ። በሚቀጥለው ስንደዋወል ስለ ጌሙ ያወራኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ስለ ዝናብ አወራኝ። በወሩ ሾፌሩ ለእማዬ ዕቃ ሊያደርስ መጣ።

"እህት ዓለም፣ ምን የመሰለ ነገር ነው የላክሽልን" አለኝ። "ካምፑ በሙሉ የኳስ ጌም ጭኖ እየተጫወተበት ነው። ወንድምሽ ብቻ ነው የማይነካው።"

ፈገግ አልኩለት። ከዚያ ጓዳ ገብቼ የታጠበ ብርጭቆ ደግሜ አጠብኩ።

ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ስሟገት ቆይቼ ደወልኩለት። ስለ እማዬ ጉልበት፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ምሳው አውርተን ልንዘጋ ስንል፣ ጌሙን አልወደድከውም እንዴ አልኩት። ከኋላው ነፋሱ ይሰማኛል።

"ሞክሬ ነበር" አለኝ በመጨረሻ። "ገደል ገባችብኝ። መዝለል እችላለሁ፤ መራመድ አልችልም። መራመድ ያንቺ ሥራ ነበር።"

"ትለምደው የለ።"

"እለምደዋለሁ። ሁለት ቀን ቢፈጅብኝ ነው። ግን ብቻዬን መራመድ ከለመድኩ..." አልጨረሰውም። "ተይው እስቲ። ይቆይልኝ።"

ሱቁ ውስጥ ጉድጓድ የገባችብኝ ልጅ ትዝ ያለችኝ ያን ጊዜ ነው። እኔ መዝለል እንደማልችል፣ እሱም መራመድ አይችልም። ሻጩ ያን ሁሉ ጥያቄ ሲያዥጎደጉድብኝ፣ ብቻውን ነው ወይ የሚጫወተው ብሎ አልጠየቀኝም።

ለአራት ቀን ፈቃድ ሲመጣ ቦርሳው ውስጥ ይዞት መጣ። ምሳ በልተን እማዬ ጋደም ስትል ሶፋው ላይ ተቀመጥን። ሦስት ሰው የሚይዝ ሶፋ ነው። እኛ ግን ስክሪኑ ከመዳፍ ብዙም ስለማይበልጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣበቅን፤ ግራውን ጎን እኔ በግራ እጄ፣ ቀኙን እሱ በቀኝ እጁ ያዝን። እጁ ሻክሯል። ልጅቷ ሦስቴ ወደቀች። ቀስ በይ፣ የት ትሮጫለሽ አለኝ፤ ያረጀኸው አንተ ነህ አልኩት። በአራተኛው ዘለለች። ይሄኔ እማዬ ከመኝታ ቤት "ዛሬም አላደጋችሁም?" አለች።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ድልድዩ ጋ ደረስን። ከወዲያ ማዶ የቤቷ መስኮት ይታያል። ሾፌሩ መጥቶ ሊወስደው አንድ ሰዓት ቀርቶታል፤ መሻገር እንችል ነበር። አውራ ጣቴን አነሳሁ። ልጅቷ ቆመች።

"ምነው ቆምሽ?"

"ደከመኝ።"

አየኝ። ከዚያ ፋኖሷን አበራላት፤ እዚያው ላይ ሴቭ አድርጎ ዘጋው። ቻርጀሩን ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

ካምፑ ውስጥ አሁንም ኳስ ይጫወቱበታል፤ የፋኖሷን ልጅ ጌም እንዳይነኩበት ነግሯቸዋል። እሁድ እሁድ ይደውላል። አሁን ደህና ነሽ ወይ ብሎ አይጀምርም፤ የምጀምረው እኔ ነኝ።

"ቆማለች?"

"ቆማለች" ይለኛል። "መብራቷም አልጠፋም።"

ከዚያ ስለ ሌላ ሌላው እናወራለን። ቀጣዩ ፈቃዱ ከአምስት ወር በኋላ ነው።