ከአርባ ሁለተኛው ጥያቄ በኋላ

ከውጭ ተምሮ የተመለሰው ሐኪም በሰፈሩ «ዶክተር ቅጽ» እንደሚባል የሰማው ከአክስቱ ነው። ነግራው ስታበቃ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እሱም አብሯት ለመሳቅ ሞከረ። በሆዱ ግን «ቢያንስ ዶክተር ብለውኛል» እያለ ራሱን ማጽናናቱ ሲታወቀው አፈረ። ሐፍረት ለእሱ አዲስ ነገር አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት በሰው አገር ለፍቶ ያገኛቸው ሁለት ዲግሪዎች ሻንጣው ሥር ተኝተዋል፤ ሐፍረቱና ጥርጣሬው ግን ጠዋት አብረውት ይነሣሉ፣ አብረውት ሥራ ይገባሉ። እዚያ ሳለ «አገሬ ብሆን ኖሮ ይሄኔ» ይል ነበር፤ አገሩ ገብቶ ደግሞ «እዚያ ቢሆን ኖሮ ይሄ ነገር» ማለት ጀምሯል። በአጭሩ፣ የትም ሆኖ የሌላ ቦታ ሰው ነው።

ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። የሰፈሩ ጤና ጣቢያ በቅርብ የተመረቁ ስድስት ነርሶችን ለስድስት ወር በጊዜያዊነት ቀጥሮ ለእሱ አስረክቦት ነበር። ሐሳቡን ያመጣውም እሱ ነው፦ ሕመምተኛ እስኪመጣ ከመጠበቅ ነርሶቹ ቤት ለቤት እየዞሩ የደም ግፊት ይለኩ፤ ነዋሪው ስለ ጤናው እንዲጠይቅ፣ መብቱን አውቆ እንዲሟገት ያስተምሩ። የከተማው ጤና ቢሮ በወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ውጤቱን አይቶ ስድስቱን ቋሚ ሊያደርግ ወይም ሊያሰናብት ቀጠሮ ይዟል። ከስድስቱ አንዳቸውንም ሌላ ሥራ አይጠብቃቸውም ነበር።

ሥልጠናው ሦስት ቀን ፈጀ። ዶክተሩ መቶ አሥራ ሁለት ስላይድ አዘጋጅቶ ነበር። ፕሮጀክተሩ በሞቀ ቁጥር ይጠፋል፤ እስኪበርድ ድረስ ዶክተሩ ስለ ተማረበት ዩኒቨርሲቲ ያወራል፤ ሲበርድ ደግሞ ወሬው አላለቀም። ልጆቹ በጨለመው ክፍል ውስጥ ዓይናቸውን ገልጠው መተኛት ለመዱ። በሦስተኛው ቀን ማታ «ስድስቱም በሚገባ ሠልጥነዋል» ብሎ ፈረመ።

ከዚያ ቅጹ መጣ። አርባ ሁለት ጥያቄ፣ አራት ገጽ፣ በሁለት በኩል የታተመ። የቤትዎ ጣሪያ ከምን የተሠራ ነው? ባለፉት ሰባት ቀናት ከጎረቤት ጋር ተጋጭተዋል? ከሆነ፣ ጥፋተኛው ማን ነበር? ከባለቤትዎ ጋር በምን በምን ጉዳይ አይስማሙም? ግፊቱ የሚለካው አርባ ሁለተኛው ጥያቄ ከተመለሰ በኋላ ነው። ዶክተሩ ይህን ቅደም ተከተል ያወጣው፣ መጀመሪያ ከተለኩ ሰዎቹ ጥያቄውን ሳይጨርሱ ያባርሩናል ብሎ ነው። በዚህ ብልሃቱ ሁለት ቀን ሙሉ ኮርቷል።

ውጤቱ ሲደመር፣ ከተለኩት መቶ ነዋሪዎች ሰባ አንዱ የደም ግፊት አለበት ተባለ።

ዶክተሩ ወረቀቱን ይዞ ፊቱን ለማጨፍገግ ታገለ። ሰባ አንድ ሰው ታሟል፤ ማዘን አለበት። ልቡ ግን ጮቤ ረገጠች። እንዲህ ያለ ቁጥር የያዘ ሰው ቢሮ ገብቶ ባዶ እጁን አይወጣም። ስድስቱ ልጆች ተቀጠሩ ማለት ነው። እሱም ለምን እንደ ተመለሰ ለሚጠይቀው ሁሉ መልስ አገኘ ማለት ነው። ይሄንን የመጨረሻውን ቶሎ ብሎ ከልቡ አወጣው፤ ግን ተመልሶ ገባ።

ሰኞ ከሰዓት ከስድስቱ አንዷ ቢሮው መጣች። ጓደኞቿ «ራዲዮ» ይሏታል፤ የሚያጠፋት ቁልፍ ስለሌላት ነው። የዚያን ቀን ግን በሩ ላይ ቆማ የጋውኗን አዝራር ስትፈታና ስትቆልፍ ቆየች።

«ምነው ራዲዮ? ባትሪ ጨረስሽ?»

«ዶክተር፣ እንዳይቆጡኝ።»

«ተናገሪ እንጂ፤ መቼ ተቆጥቼሽ አውቃለሁ?»

«ጃንጥላዬን ያ የለካናቸው ልብስ ሰፊ ቤት ረስቼ ትናንት ልወስድ ሄድኩ። ሰውየው ሶፋ ላይ ጋደም ብለው አገኘኋቸው። መለኪያው በቦርሳዬ ነበርና እስቲ ብዬ ለካኋቸው። ደህና ናቸው።»

«እንዴት ደህና? መቶ ስልሳ ስምንት አይደል የነበሩት?»

«አሁን መቶ ሃያ አራት ናቸው። ሁለቴ ነው የለካሁት። እርስዎን ሳልጠይቅ ግን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። ከዚያ ጎረቤታቸውን ለካሁ፣ ደህና። ከዚያ አራት ቤት ጨመርኩ። ከስድስቱ ሰዎች አንዷ ብቻ ናት ከፍ ያለባት።»

ዶክተሩ ስለ ናሙና፣ ስለ አጋጣሚ፣ ስለ መሣሪያ ስሕተት መናገር ጀመረ። ዘለግ አድርጎ ተናገረ። ራዲዮ በትዕግሥት ሰማችው።

«ዶክተር፣ እውነቱን ልንገርዎ? ጥያቄ ሠላሳ ሰባት ላይ ስንደርስ ባልየው ከመቀመጫው ይነሣል። ሠላሳ ስምንት ላይ ሚስትየው ‹እሱ ምን ያውቃል፣ እኔን ጠይቂኝ› ትላለች። አርባ ላይ ሁለቱም ይጮኻሉ። አርባ ሁለት ሲያልቅ እኛ ክንዳቸውን እናስራለን።»

«ከመለካታችሁ በፊት ግን አምስት ደቂቃ ዝም አሰኝታችሁ አሳርፋችኋቸዋል አይደል?»

«የምን አምስት ደቂቃ?»

«ስላይድ ዘጠና አራት ላይ ነበር'ኮ!»

«እኛ ስልሳ ሁለት ላይ ነው የቆምነው፤» አለች ራዲዮ በቀስታ። «ከዚያ ሰርተፊኬት ሰጡን።»

ዶክተሩ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚያውቀውን ነገር፣ ሰው ሳያርፍ ግፊቱ አይለካም የሚለውን፣ ማንም ባልደረሰበት ስላይድ ላይ ቀብሮታል። ቢሆንም ራሱን ማሞኘት ቀላል ነውና «ላረጋግጥ» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። የሚኖረው ከአክስቱ ጋር ነው።

አክስቱን ወንበር ላይ አስቀምጦ አምስት ደቂቃ ዝም አሰኝቶ ለካት። መቶ ሃያ ስምንት በሰማንያ። ከዚያ ቅጹን አወጣ።

«የቤትሽ ጣሪያ ከምን የተሠራ ነው?»

«አንተ ልጅ፣ ከሥሩ አይደል የምትተኛው?»

«መልሺልኝ እንጂ አክስቴ፣ ለሥራ ነው።»

«ቆርቆሮ! ሲያፈስ ባልዲ የምትደቅነው አንተ አይደለህ?»

«ባለፉት ሰባት ቀናት ከጎረቤት ጋር ተጋጭተሻል?»

«ማን ነገረህ? ያቺ የላይኛዋ ናት የነገረችህ? ቱቦውን ወደኔ በር ያዞረችው እሷ፣ ከሳሿም እሷ!»

አርባ ሁለት ሲደርሱ አክስቱ ወንበሩን ትታ በክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደደች ነበር። ክንዷን በልመና አስሮ ለካት። መቶ ስልሳ ስድስት።

«ስንት ሆንኩ?»

«ምንም አልሆንሽም። እኔ ነኝ የሆንኩት።»

ማክሰኞ ጠዋት ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ነገራቸው። ሁሉም «ሲስተር» የሚሏቸው፣ ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ፣ የእሱን ክትባት ሳይቀር የወጉት ሴት ናቸው። ሰምተው ሲያበቁ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሐሙስ ከነገ ወዲያ ነው።»

«አውቃለሁ ሲስተር።»

«ስድስቱም የድሃ ልጆች ናቸው። ቁጥሩ ቢቀንስ ‹ችግር የለም› ብለው ያሰናብቷቸዋል። ሐሙስን አሳልፈውና ዓርብ ታርመዋለህ። ማን ይሞታል?»

ዶክተሩ ይህ ምክር እጅግ ጣፈጠው። ልጆቹን ለማዳን ሲል መዋሸት! መሥዋዕትነት እንጂ ውሸት አይመስልም። ይህን እያጣጣመ ወደ በሩ ሲዞር ግን ራዲዮ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አያት። እሷም ከስድስቱ አንዷ ናት። ሰኞ ዕለት አዝራሯን ስትፈታና ስትቆልፍ የነበረው የራሷን እንጀራ በእጇ ይዛ እንደ ነበር አሁን ገባው።

«ልብስ ሰፊው ሱቃቸውን ዘግተዋል፤» አለችው። «ልሞት ነው ብለው ዘመድ እየተሰናበቱ ነው።»

ሲስተር ከውስጥ ሰሙ። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና «እንግዲህ ተነሡ፤» አሉ። «መለኪያው ስድስት ነው፣ ቀኑ ሁለት ነው። ቅጽ ይዞ የሚወጣ ግን እግሩን እሰብረዋለሁ!»

ሰባ አንዱን ሰው በሁለት ቀን እንደ ገና ሊለኩ ተሰማሩ። ዶክተሩ ልብስ ሰፊውን ለራሱ ወሰደ። በመንገዱ ላይ የይቅርታ ንግግር አዘጋጀ፤ መግቢያ፣ ሦስት ነጥብና መደምደሚያ ነበረው። ልብስ ሰፊው በሩን ከፍተው ሲያዩት ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«ባሰብኝ?»

«ጋሼ፣ ምንም የለብዎትም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ንግግሩ ይኸው ብቻ ሆነ። ሰውየው ደስ ይላቸዋል ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ቁጣቸው ከእግር ጥፍራቸው ተነሣ።

«ምንም የለብኝም?»

«ምንም።»

«አሥራ ሁለት ቀን ጨው ሳልቀምስ! ይሁን። ሱቄን ዘግቼ! እሱም ይሁን። አንተ ግን ከወንድሜ ጋር እንደ ታረቅኩ ታውቃለህ?»

«ከወንድምዎ?»

«ዘጠኝ ዓመት አኩርፌው የኖርኩትን! ሞት ላይቀር ብዬ ደወልኩለት፣ አለቀስኩ፣ እሱም አለቀሰ። አሁን በየቀኑ ይደውልልኛል! ወሬው አያልቅ! ከእሱ ጋር አሁን ምን ልሁን ነው የምትለኝ?»

ዶክተሩ ለዚህ የሚሆን ነገር በአንዱም ዲግሪ አልተማረም። «ይቅርታ» ብሎ ወጣ። ከኋላው የስልክ ጥሪ ሰማ፤ ልብስ ሰፊውም «እ፣ አለሁ፣ አልሞትኩም፣ ደግሞ ምን ሆንክ?» ሲሉ።

ረቡዕ ማታ ቁጥሩ ተደመረ። ከሰባ አንዱ ግፊት ያለባቸው ሃያ ሦስት ብቻ ሆኑ።

ሐሙስ የከተማው ጤና ቢሮ ገባ። ሲስተር ከጎኑ ተቀመጡ፤ ስድስቱ ልጆች ከበሩ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ጠበቁ። የቢሮው ኃላፊ ወረቀቱን ሲያዩ ቅንድባቸው ተነሣ።

«ዶክተር፣ ባለፈው ሳምንት በስልክ ሰባ አንድ ብለውኝ ለበላይ አካል አሳውቄያለሁ።»

«ስሕተት ነበር።»

«የመሣሪያው?»

እዚህ ላይ ዶክተሩ በሩ ወለል ብሎ ሲከፈትለት አየ። መሣሪያ አፍ የለው፣ አይከራከር።

«አይደለም፤ የእኔ ነው። ሰዉን አስቆጥተን ነው የለካነው። ስሕተቱን ያገኘችው ከነርሶቹ አንዷ ናት። እኔማ ልከራከራት ሞክሬ ነበር።»

ኃላፊው ወረቀቱን አገላበጡ። «እንግዲህ ይህ ፕሮግራም እስከ ዛሬ ያረጋገጠው፣ ግፊት እንዴት እንደሚጨመር ነው።»

«በሚገባ አረጋግጠናል፤» አለ ዶክተሩ።

ኃላፊው አልሳቁም። ሃያ ሦስት ሰውም ቀላል አይደለም አሉ፤ ሥራው ይቀጥላል። ነገር ግን ለፕሮግራሙ የተፈቀደው የሥራ መደብ አምስት ነው፦ አንድ የሥልጠና አማካሪና አራት ነርስ። የአማካሪው ደመወዝ የሁለት ነርስ ደመወዝ ያህላል። «ስለዚህ ከስድስቱ የሚሰናበቱትን ሁለቱን ይምረጡልኝ።»

ዶክተሩ አማካሪው እሱ ራሱ እንደ ሆነ እስኪገባው ጥቂት ጊዜ ወሰደበት።

«አማካሪው ባይኖርስ?» የሚል ድምፅ ሰማ። የራሱ ድምፅ ነበር።

ሲስተር በጎን አዩት። ኃላፊው እስክሪብቷቸውን አነሡ። «ያኔ ስድስቱም ይቀጠራሉ። እርግጠኛ ነዎት?»

«ነኝ፤» አለ፤ ደረጃውን ሳይወርድ ግን መጸጸት ጀምሮ ነበር። ለአክስቱ ምን ይላል? እዚያ ለቀሩት ጓደኞቹ ምን ይጽፋል? «ለአገሬ የሠራሁት ትልቁ ነገር ከሥራ መውጣት ሆነ» ይበል? ሲስተር ክንዱን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ከመጣህ ጀምሮ ስትጨምር ነበር የማይህ፤ ዛሬ መቀነስ ቻልክ፤» አሉት። ይህ ምስጋና ይሁን ስድብ ሊለይለት አልቻለም። ወሬውን ሰምተው ቀድመው የወረዱት ስድስቱ ልጆች ከታች እየተቃቀፉ ይጮኻሉ። ወደ እሱ መጥታ ያመሰገነችው ራዲዮ ብቻ ናት፤ እሷም ስታመሰግነው አለቀሰችና ጋውኗ ላይ ተናፈጠች።

«ሰኞስ ምን ሊሠሩ ነው?» አለችው።

«ምንም።»

«እንግዲያው ከእኔ ጋር ይምጡ። ቦርሳ የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

ሰኞ ጠዋት ቦርሳውን ይዞ ተከተላት። የመጀመሪያው ቤት የአንዲት ልብስ አጣቢ ነው፤ ግቢው በሙሉ በእርጥብ አንሶላ ተጋርዷል። ሴትየዋ እጇን በቀሚሷ አብሳ ተቀመጠች። ራዲዮ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ «አሁን አምስት ደቂቃ ዝም እንላለን፤» አለቻት።

ሴትየዋ ቦርሳ ያቀፈውን ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አየችው። «እሱስ ማነው?»

«ተለማማጅ ነው፤» አለች ራዲዮ። «ገና እያሠለጠንነው ነው።»

ዶክተሩ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ራዲዮ ዓይኗን ከሰዓቷ ሳታነሣ ጣቷን አነሣችበት። ገና አራት ደቂቃ ተኩል ይቀራል።