ጋራዥ ያለው አማች

ቡሎኑ አልፈታም አለ። ሙርሳል ከፒካፗ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ቁልፉን በሁለት እጁ ሳበው፣ ገፋው፣ በተረከዙ ደበደበው፤ ያተረፈው ነገር ቢኖር ዓይኑ ውስጥ የገባ ዝገት ነው። መኪናዋን ሰደባት። ወዲያው ጠዋት ሱብሂ ሰግዶ መውጣቱ ትዝ አለውና "አስተግፊሩላህ" ብሎ እንደገና ሳበ።

"ወጣ?" አለች ሚስቱ ዋፋ ከደጃፉ።

"ሊወጣ ነው።"

"ከቁርስ በፊትም ሊወጣ ነበር።"

ቁልፉን እንደገና ቡሎኑ ላይ ሰካ። ለዋፋ ሹፈት መልስ የሰጠ ሰው ትርፉ ሌላ ሹፈት መሆኑን ካገባት ጀምሮ ያውቀዋል።

የዛሬው ሥራ ግን ለነገ የሚባል አልነበረም። እናቱ ዓፊያ በክረምቱ ጭቃ አዳልጧት ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ፣ አሶሳ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሰንብታለች። ዛሬ ከሰዓት ትወጣለች። እዚሁ ከተማ ልጆቿ ዘንድ እንድታገግም ቢለምኗት "ከራሴ አልጋ ሌላ አልድንም" ብላ አሻፈረኝ አለች። አልጋዋ ያለው ደግሞ በሆሞሻ አቅጣጫ፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ነው። ሐኪሙ ሙርሳልን ለብቻው ጠርቶ፣ "ስትወስዳቸው መንገጫገጭ የለም፤ አጥንቱ ገና እየያዘ ነው" ብሎታል።

መንገጫገጭ የለም! ፒካፗ ደግሞ ከመንገጫገጭ በቀር ሌላ ዐመል አልነበራትም። ንዝረት የሚያበርዱት የኋላ አሞርዛተሮቿ ዘይታቸውን ከተፉ ቆይተዋል፤ ጭነቷን የሚሸከሙት የባሌስትራ ብረቶቿ ጫፍ ላይ ያሉት ላስቲኮች፣ መካኒኮች ጎሚኒ የሚሏቸው፣ ተበልተው አልቀው ብረት ከብረት ይፋጫል። ትንሽ ጉድጓድ ስታገኝ ወገብ ድረስ ትመታለች። ሙርሳል ማንጎ ከገጠር ወደ ከተማ ሲያመላልስ ይህን ሁሉ ችሎት ኖሯል፤ ማንጎ ቢላላጥ ማንጎ ነው። እናት ግን ማንጎ አይደለችም።

ታዲያ አሶሳ ውስጥ ጋራዥ ጠፍቶ ነው ወይ? አልጠፋም። ችግሩም ይኸው ነው። የእህቱ የዓዲላ ባል ሙንታሲር ጋራዥ አለው፤ ከሙርሳል ቤት በእግር የሚደረስ። ሙንታሲር ዓዲላን ካገባበት ቀን ጀምሮ ከሚስቱ ወገን አንዲት ሳንቲም ተቀብሎ አያውቅም። ፍሪሲዮን ቀየረለት፣ አልተቀበለም። ራዲያተር በየደ፣ አልተቀበለም። እንዲያውም ዕቃውን ከራሱ መደርደሪያ እያወረደ ይገጥምለታል። ሙርሳል አንድ ጊዜ ዘዴ ያገኘ መስሎት በማዳበሪያ ሙሉ ማንጎ ቢልክለት፣ ማዳበሪያው ስኳር ተሞልቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በጋራዡ ደጃፍ ባለፈ ቁጥር ሠራተኞቹ "ነጻው ደንበኛ መጣ" የሚሉ እየመሰለው አንገቱን ያቀረቅር ጀመር። ማንም ብሎት አያውቅም። ይሉኝታ ግን እስኪሉት አይጠብቅም።

ሌላ ጋራዥ እንዳይወስዳት ደግሞ፣ ከተማዋ ትንሽ ናት። ፒካፗ ከሰው ጋራዥ በር ስትገባ የታየች እንደሆነ፣ ለመግሪብ ሶላት የሚሰበሰበው ሰው ሁሉ "ሙርሳልና አማቹ ተኳርፈዋል" ሲል ያመሻል። በነጻ መሠራት ማፈሪያ፣ ከፍሎ መሠራት ማስቀየሚያ ሆነበት። የቀረው መንገድ እዚህ መሬት ላይ መተኛት ብቻ ነበር። ዕቃውን በራሱ ገንዘብ ገዛ፣ አሠራሩን በስልኩ ካንድ ሱዳናዊ መካኒክ ቪዲዮ ተማረ።

"ሙርሳል! ክሪኩ በቃህ?"

ጎረቤቱ መምህር ሙሉጌታ ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ክሪኩን ከትናንት ጀምሮ ያዋሰው ሰው።

"ገና ነው መምህር። ዛሬ እናቴ ይወጣል ከሆስፒታል፤ እሱን መውሰድ አለብኝ።"

ሙሉጌታ የበርታ ጎረቤቶቹ አማርኛ ላይ ሴትና ወንድ ሲቀላቀሉ መስማት ከለመደ ቆይቷል፤ ልብም አላለው። ጎንበስ ብሎ ከሥር አየው።

"እህሳ፣ እግዜር ይማርልህ። ግን እኔ አልገባኝም፤ አማችህ ጋራዥ እያለው አንተ አፈር ላይ ምን ያንከባልልሃል?"

"እሱ ሥራ ይበዛበታል።"

"ትናንት ከሰዓት ደጃፉ ላይ ዳማ ሲጫወት አይቼዋለሁ እኮ።"

ሙርሳል ቁልፉን በኃይል ሳበ። በዚያ እልህ ይሁን በዕድል፣ ቡሎኑ ጮኸና ተፈታ። "ወጣ!" ብሎ ጮኸ፤ ወሬውም በዚሁ ተቋረጠ።

አሮጌዎቹ ወጥተው አዲሶቹ አሞርዛተሮች ሊገቡ ሲሉ ስልክ ጠራ። እጁ ግራሶ ብቻ ስለሆነ ዋፋ ጎንበስ ብላ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዘችለት። ዓዲላ ናት፤ እናቷን እያስታመመች ሆስፒታል ከርማለች።

"ሙንታሲር መኪናዋን አሁኑኑ ያምጣት ብሏል" አለች። "እማን ከመውሰድህ በፊት ሥሯን ሊያይልህ።"

"ደህና ናት በይው።"

"ደህና? ባለፈው ከገበያ ስታመጣኝ ጥርሴ ሊረግፍ ነበር እኮ።"

"ሠርቻታለሁ አልኩሽ። ወላሂ አልጋ ሆናለች።"

ዋፋ ስልኩን ዘግታ ባሏን ከላይ ወደ ታች አየችው። "አልጋዋ እግሯ ተፈትቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች" አለች።

"ዋፋ፣ ውሃ አምጪልኝ።"

ቪዲዮውን እስከ ጎሚኒዎቹ ድረስ ተከተለ። ሱዳናዊው መካኒክ ረጋ ያለ፣ ወሬ የሚያበዛ ሰው ነው፤ የሰላምታው ብዛት ብቻ አንድ አሞርዛተር ያስገጥማል። ላስቲኮቹ ገብተው ቡሎኖቹ ሲሰኩ "አሁን ከማጥበቃችን በፊት፣ ወንድሞቼ…" ማለት ሲጀምር ሙርሳል ስልኩን ዘጋው። የቀረው ማጥበቅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጭነት ሲያስር የኖረ ሰው ማጥበቅ ማን ያስተምረዋል? ፒካፗ ሻንሲዋ በክሪክና በድንጋይ ተደግፎ፣ የኋላ እግሯ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ፣ እያንዳንዱን ቡሎን ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ አጠበቀ። ጎማዎቹን መልሶ አሰረ፣ መሬት አወረዳት፣ ተነስቶም አቧራውን አራገፈ። ደስ አለው፤ ያውም በጣም። ከሰው ጫንቃ ላይ የወረደ ሰው ደስታ ነበር።

እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ያለው አስፋልት ነው። ፒካፗ ትንሽ ግትር አለችበት፤ "አዲስ ዕቃ ነው፣ እስኪለምድ ነው" ብሎ ራሱን አሳመነ።

እናቱን በቃሬዛ አውጥተው፣ ከሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ላይ ፍራሽ አንጥፈው አጋደሟት። ዓዲላ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አደረገች። አሮጊቷ ክስት ብላለች፤ ዓይኗ ግን እንደ ድሮው ነው።

"መኪናዋን ራስህ ሠራሃት አሉ?"

"አዎ እማ። ላንቺ ብዬ።"

"አላህ እጅህን ይባርከው" አለች፣ ኩራቷ ድምፅዋ ላይ እየታወቀባት።

ከአስፋልቱ ወጥተው ኮብልስቶኑ ላይ ሲገቡ የመጀመሪያው መምታት መጣ። ትንሽ ነው፤ ሙርሳል ግን ወንበሩ ውስጥ ተሰማው። ሁለተኛው መጣ። ፒካፗ ከድሮው ሌላ ሆናለች፤ ድሮ ትዘል ነበር፣ አሁን ግትር ብላ ትመታለች። እያንዳንዱ ድንጋይ ከጎማ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ሰው አጥንት ይወጣል።

"እማ፣ እንዴት ነሽ?"

"ልስልስ ብላለች" አለች እናቱ። "ጎበዝ ነህ፣ ልጄ።"

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። እናቱ የነጠላዋን ጫፍ አጣጥፋ አፏ ውስጥ ከታዋለች። ነክሳዋለች። አንድ እጇ የዓዲላን ጉልበት ጭምድድ አድርጎ ይዟል፤ ዓዲላ የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት ያ እጅ ይጠብቅባታል፣ ዓዲላም አፏን ትዘጋለች። ጎማው ሌላ ድንጋይ ሲመታ የአሮጊቷ ዓይን እንባ ሞላ። እንዳይፈስ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

ሙርሳል እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። እናቱ ስለ እሱ ብላ ሕመሟን እየዋጠች ነው። ልጇ "ላንቺ ብዬ" ያለውን ሥራ እንዳታሳፍር አጥንቷን እየከፈለች ነው። ይሉኝታውን ከማን እንደወረሰው ገባው። ፊት ለፊቱ ደግሞ ከከተማው መውጫ ጀምሮ እስከ መንደሩ ደጅ ድረስ ጠጠሩ መንገድ ይጠብቃታል።

ቤንዚን ማደያው ጋ ሲደርስ ፍሬን ያዘ። ቀጥታ ቢሄድ የመንደሩ መንገድ ነው። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ፤ ዝግ ብሎ፣ ድንጋይ እየመረጠ፣ የሙንታሲር ጋራዥ በር ላይ ደርሶ ክላክስ አደረገ።

ሙንታሲር በዘይት ጨርቅ እጁን እየጠረገ ወጣ። ሙርሳልን ሲያየው ፊቱ በራ፤ ከኋላ የተኙትን አሮጊት ሲያይ ደግሞ ደነገጠ።

"ያ ነሲብ፣ አማቼ፣ ምን ሆናችሁ?"

ሙርሳል ከመኪናው ወርዶ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ። በጣቱ ወደ ፒካፗ ሥር ጠቆመ። "ሥሯን እይልኝ" አለ። "እኔ ነኝ የሠራኋት። ትመታለች።"

ሙንታሲር አልጠየቀም። ካርቶን አንጥፎ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ከሥር ተሰማ።

"ተንጠልጥላ ነው ያጠበቅካት?"

"አዎ።"

"እሱ ነው። እግሯ ተንጠልጥሎ ስታጠብቅ ላስቲኩ እንደዚያው ይቆለፋል። ክብደት ሲያርፍባት ባሌስትራዋ ልተጣጠፍ ብትል ቡሎኑ አይለቃትም። መጀመሪያ መሬት ታወርዳታለህ፣ ከዚያ ነው የምታጠብቀው። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።"

ከሥር ወጥቶ ተጠጋውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሠራተኞቹ እንዳይሰሙ ጭምር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ማላላትና መልሶ ማጥበቅ ብቻ ነው። እሳቸውን 'ጎማ ነፋስ ልናስሞላ ገባን' በላቸው። ዓዲላ ቅድም በስልክ እንደነገረችኝ ደስ ብሏቸው 'ልጄ ሠራት' እያሉ ነው፤ ለምን ይሰበራሉ?"

ሙርሳል አማቹን አየው። ይህ ሰው ዛሬም ሊሸፍንለት ነው። ስንት ዓመት ሲሸሸው የኖረው ደግነት ይኸው ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰውየው አንድም ቀን ከፍ ብሎበት አያውቅም። አፍሮ የኖረው ለብቻው ነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ አልደበቀውም።

ወደ መኪናው መስኮት ሄደ። እናቱ ጨርቁን ከአፏ ፈጥና አወጣችና ፈገግ አለችለት።

"ጎማ ነው አይደል?" አለች። "ነፋስ አንሶት ይሆናል።"

እሷም ልትሸፍንለት ነው። "አይደለም እማ" አለ። "እኔ ነኝ ያበላሸኋት። አሠራሩን ሳላውቅ አጥብቄ አበላሸኋት። ሙንታሲር እያስተካከላት ነው።"

እናቱ ዓይን ዓይኑን አየችው። ከሆስፒታሉ በር ጀምሮ ጠንክሮ የቆየው ፊቷ ቀስ እያለ ላላ።

"ዋይ!" አለች። "ዋይ ልጄ፣ አሞኛል። ድንጋዩ ሁሉ አጥንቴ ውስጥ ገባ እኮ! ዋይ!"

ጋራዡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮክ ብላ አለቀሰች። ዓዲላም አብራ አለቀሰች። ሙርሳል በሩን ከፍቶ የእናቱን እጅ በሁለት እጁ ያዘ፤ ግራሶው እጇን ሲያቆሽሸው ግድ አልሰጠውም።

"አልቅሺ እማ" አለ። "እዚሁ እንቆያለን።"

ሙንታሲር ካርቶኑ ላይ ተመልሶ ተኝቶ ቁልፍ እየመረጠ ነበር። ሙርሳል የእናቱን እጅ ሳይለቅ ወደሱ ዞረ፣ ሠራተኞቹም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ሙንታሲር፣ እኔ ያጠበቅኩትን ሁሉ ፍታው። አንድም እንዳትተው።"