ሰማይን ስቶ የማያውቅ

ምንይሉ ለልምምድ አምስት ጥይት ተኩሶ ወረቀቱን አንዴ መታው፤ እሱንም ጠርዙን። ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ፣ አሸዋ ተዝቆ በቀረው ጉድጓድ ውስጥ፣ ወረቀቱ በነፋሱ ይርገበገባል።

ከኋላው ተራ የሚጠብቁት ሁለቱ የሥራ ባልደረቦቹ ተያዩ። ምንይሉ ስመ ጥር ተኳሽ ነው። በየሠርጉ ጠመንጃ ወደ ላይ ሲተኩስ ኖሯል፤ ሰማይን ስቶ አያውቅም። የቁጠባ ማኅበሩም በዚሁ ዝናው ቀጥሮ፣ ሽጉጥ አስታጥቆ በሩ ላይ አቆመው። አራት ዓመት ሙሉ አንዴም መተኮስ አላስፈለገውም፤ ለዚህም በየጠዋቱ ማርያምን ያመሰግናል። ዘንድሮ ግን ፈተና መጣ። ከስምንት ጥይት አምስት ያላገባ ሽጉጡን ያስረክባል ተባለ። ሽጉጥ ያስረከበ ሰው ደግሞ በር ከፋች ነው።

ጠመንጃ የሚጮኸው ራቅ ብሎ ነው። ሽጉጥ ግን አፍንጫ ሥር ይፈነዳል። ይህን ፍርሃቱን ለሚስቱ ለብርነሽ እንኳ ተናግሮ አያውቅም።

አሠልጣኟ ጥሩሸዋ፣ ፖሊስነቱን የተወች የአርባ ዓመት ሴት፣ የሽጉጡን ካዝና ተቀብላ ጥይቱን ራሷ ሞላችለት። ተኮሰ፤ ሁለቱ ጥይቶች ጮኹ። ሦስተኛው ጠቅ ብሎ ቀረ። አፈ ሙዙ ግን የጮኸ ያህል ቁልቁል ደፋ አለ።

"ጋሼ ምንይሉ፣" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የማትፈነዳ ጥይት ቀላቅዬብዎት ነበር። ሳትጮህ ደነገጡላት።"

"ብርዱ ነው።"

"ብርዱማ እኛንም ይዞናል።"

ከዚያ ዐይኑን ከፊተኛው ማነጣጠሪያ ሳይነቅል ቃታውን ቀስ አድርጎ እንዲጨምቅ፣ ጥይቷ የምትወጣበትን ሰዓት ራሱም እንዳያውቅ አድርጎ እንዲስብ አስረዳችው። ቤቱ ሲገባም ባዶ ሽጉጥ ላይ ሳንቲም አስቀምጦ፣ ሳይጥል ሃያ ጊዜ እንዲስብ ነገረችው። ዓምደ ሚካኤል፣ ከሁለቱ ባልደረቦቹ ቀልደኛው፣ የወደቀው ሳንቲም የማን እንደሚሆን ጠየቀ። የሳቀው ምንይሉ ብቻ ነበር፤ እሱም ሳቁን ማቆም አቃተው።

አዲስ ወረቀት ተሰቅሎ ፈተናው ተጀመረ። እንደተባለው አደረገ። አንዳንዷ ስትወጣ ልቡ አብራ የወጣች ይመስለዋል፤ እስክትመለስ ይጠብቅና ሌላዋን ይስባል። በዚያ ውርጭ ላብ ጀርባው ላይ ወረደ። ሰባት ተኩሶ ሲቆም ወረቀቱ ላይ አራት ቀዳዳ ነበር። ስምንተኛዋን እጁ እምቢ አላት። ጥርሱን ነከሰ፣ ሁለቱንም ዐይኖቹን ጨፈነ፣ ሳበ።

ጥሩሸዋ ሄዳ ቀዳዳዎቹን በጣቷ ቆጠረች።

"አምስት። የመጨረሻዋማ መሐሉን ነው ያገኘችው።"

ዓምደ ሚካኤል ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ ቅድም የሳተው አውቆ፣ እነሱን ለማስፈራራት እንደሆነ መሰከረለት።

ምንይሉ ቀዳዳዋን ተጠግቶ አያት። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የዋለው ሕዝብ ከማኅበሩ መስኮት እስከ ደጁ ይሰለፋል። ብርነሽም በግ የሸጠች ዕለት ከመሐል ትቆማለች። እስከ አሁን ጩኸቷን ነበር የፈራው፤ አሁን ግን ጨፍኖ የሚስባት ጥይት እዚያ ማንን እንደምታገኝ ፈራ።

ጥሩሸዋ ስክሪብቶዋን አወጣች።

"አትጻፊው፣" አላት።

"ለምን ጋሼ?"

"ጨፍኜ ነው የሳብኳት።"

"ኧረ ዝም በል አንተ ሰው፣" ዓምደ ሚካኤል በክርኑ ጎሸመው።

ጥሩሸዋ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ምንይሉን አየች። "የሚቀጥለው ፈተና ከሦስት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ በዱላ ነው በር ላይ የሚቆሙት። ሰው ይጠይቅዎታል።"

"ይጠይቀኛል። ልምምዱን ግን ከነገ ጀምሪልኝ።"

ካዝናውን አወጣ፤ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አሳያትና መሬት ላይ በተነጠፈው ጆንያ ላይ አኖረው። ከዚያ የሽጉጡ ማኅደር ያለበትን ቀበቶ ፈትቶ አስረከበ። ሱሪውን የያዘለት እሱ ብቻ ነበር። በግራ እጁ ወገቡን ጨብጦ ወደ ከተማው የሚወስደውን ዳገት ተያያዘው።