ሙቀቱ በኋላ በኩል ይወጣል

“ጠፋ” አለች እህቱ በስልክ።

“እንደገና?”

“እንደገና። እዚያው ሦስተኛው ፎቅ ላይ። ደረጃውን ወጣ ወጣና ልክ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ድርግም። ሕንፃው ራሱ ጠምዶኛል መሰለኝ።”

ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል አጣብቆ፣ መስኮቱ ሥር የተደረደሩትን ላፕቶፖች ስክሪን በለስላሳ ጨርቅ መወልወሉን ቀጠለ። ሁሉም ላይ የሚታየው አንድ ፊልም ነው። ቀለም ያለው ውሃ ቀስ እያለ ይፈነጠቃል፣ ይሰበሰባል፣ እንደገና ይፈነጠቃል። ሱቁን ሲከፍት ያየዋል፤ ሲዘጋም ያየዋል። መጀመሪያ ሰሞን ያምር ነበር። አሁን ማማሩን ያስታውሳል እንጂ ውበቱ አይሰማውም።

“ለላፕቶፑ ማራገቢያውን ከሥሩ አደረግሽለት?”

“አድርጌለታለሁ። ሁለት ሳህን ደፍቼ ላዩ ላይ አስቀምጬዋለሁ። መስኮቱንም ከፍቻለሁ። የቀረኝ እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ ጣል ማድረግ ነው። አሁን ቀልዱን ተወውና፣ የማስረክበው እኮ ነገ ጠዋት ነው።”

እህቱ ገና ያልተሠሩ ሕንፃዎችን እንደተሠሩ አድርጋ በኮምፒውተር የምትሥል ሴት ናት። አንድ የአርክቴክቶች ቢሮ ለሙከራ አንድ ሥራ ሰጥቷታል። አንድ ሰው ከመግቢያው ተነሥቶ፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ ሰገነቱ ላይ ሲደርስ ዓይኑ የሚያየውን የሚያሳይ አጭር ፊልም። ከወደዱት ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች። ካልደረሰ ግን በሯ ላይ የሚለምናት ማንም የለም፤ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አላቸው። ሥዕሉ አልቋል። የቀረው ኮምፒውተሩ ሥዕሉን ወደ ፊልም እንዲለውጠው ነው፤ የእሷ አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ እዚያ ላይ ሲደርስ እየጋለ ይጠፋል።

“እና ልግዛው ወይስ ልጠብቅ?” አለችው።

ይህን ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ይሰማዋል። እህቱ ስትጠይቀውም ከሌላው ሰው አልተለየበትም፤ ይህም ገርሞት አያውቅም።

“እስከ ምሳ ልንገርሽ እታለም።”

“እስከዚያ የአንተን አውሰኛ። ለዛሬ ብቻ።”

“የእኔ እኮ የሥራ ነው።”

“የሥራ! ወሬ ለመጻፍ ያን ሁሉ ጉልበት? ሽንኩርት ለመክተፍ ጎራዴ!” ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ሳያልቅ ተቋረጠ፤ ስልኩን ዘግታዋለች።

የሱቁ ባለቤት “ኮከብ ቆጣሪው” ይሉታል። ገና ስላልወጡ ላፕቶፖች የሚጽፍበት ገጽ አለው፤ የሚከተለውም ሰው ብዙ ነው። የሚቀጥለው ፕሮሰሰር ስንት እጥፍ ይፈጥናል? የግራፊክስ ቺፑ የትኛው ይሆናል? ስክሪኑስ? ከአምራቾች የሚያፈተልክ ፎቶ ያያል፣ ያለፉትን ዓመታት ያነጻጽራል፣ ይደምራል፣ ይገምታል። ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። ባይሳካለትም የሚያስታውስ የለም፤ ሰው ያኔ ስለሚቀጥለው መጠየቅ ጀምሯል።

ዓመት ሊሆነው ነው ለእህቱ “ጠብቂ” ካላት። በዚያው ሰሞን እሱ ራሱ “ለሙከራ” ብሎ እሷ ልትገዛው የነበረውን ሞዴል ገዛ። እሷ ግን የምትገዛው አንዴ ነው፤ ያጠራቀመችው ለአንድ ላፕቶፕ ይበቃል፣ ለሁለት አይበቃም። ስለዚህ ምናልባት ሐሳቧን ከቀየረች ብሎ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ የዚያን ሞዴል የመጨረሻ ካርቶን አስቀምጦላታል። ላይዋ ላይ በወረቀት ፕላስተር “የእህቴ” ብሎ ጽፎባታል።

“ኮከብ ቆጣሪው!” ባለቤቱ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጠሩት። “ና እስቲ፣ ዛሬ ኮከብህ ወጥቶልሃል።”

ስልካቸውን አዙረው አሳዩት። ትልቁ የውጭ አገር ድረ ገጽ ነው፤ እሱም በየቀኑ የሚያነበው። ርዕሱ ከአምራቹ ጋር ቅርበት ያላቸው ምንጮች አረጋገጡ ይላል። የመጀመሪያውን አንቀጽ አነበበ። አዲስ ፕሮሰሰር። ጉልበቱ እጥፍ የሆነ የግራፊክስ ቺፕ። በሚቀጥለው ወር። ሁሉም እሱ እንዳለው።

“ምነው ፊትህ? ያሸነፍክ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው?” አሉት።

“ደስ ብሎኛል ጋሼ።”

“ደስታህ ከመጋዘን ገና አልወጣም መሰለኝ።” ራሳቸው ሳቁለት። “በል እንግዲህ፣ እህትህ አዲሱን ከጠበቀች ያቺን ካርቶን ልቀቃት። ጠያቂ አላት።”

ወደ ውጭ ወጥቶ ደወለላት።

“ተረጋግጧል” አላት። “ሌሎችም አሉት፣ ትልልቆቹ። ጠብቂ።”

“ነገንስ?”

“ለነገው የምስሉን ጥራት ቀንሰሽ አሳልፊው። ቀላል ሲሆንለት አይጠፋም። ቋሚ ስትሆኚ በአዲሱ እንደ ልብሽ ትሠሪያለሽ።”

ከበስተጀርባዋ የማራገቢያው ድምፅ ይሰማል።

“ሊያዩ የፈለጉት እኮ ጥራቱን ነው” አለች በመጨረሻ።

“በወሩ የሚያረጅ ዕቃ ለምን ትገዣለሽ?”

“ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አለ የአገሬ ሰው።” ከዚያ ተነፈሰች። “እሺ። አንተ ካልክ።”

ወደ ጀርባው ክፍል ገብቶ ፕላስተሩን ከካርቶኑ ላይ ላጠው። መጣያ ፈለገና በቅርብ ስላላገኘ ኪሱ ከተተው።

ጠያቂው ከምሳ በፊት መጣ። ሰፊ ትከሻው ላይ የካሜራ ቦርሳ ያንጠለጠለ ቪዲዮ አንሺ ነው።

“አንተ ነህ አይደል የገጹ ባለቤት?” አለ፣ እጁን ጥብቅ አድርጎ እየጨበጠው። “ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደምከተልህ! አምና ጠብቁ አልክ፣ ጠበቅኩ። ወጣ። ልገዛ ስል ደግሞ የሚቀጥለው ይበልጣል አልክ፣ ጠበቅኩ። ሚስቴ ‘የምትጠብቀው ላፕቶፕ ነው ወይስ ዳግም ምጽአት?’ ትለኛለች።”

“አሁንም አዲሱ ወር አይሞላውም። ዛሬ ተረጋግጧል። እኔ ብሆን እጠብቃለሁ” አለው። ቃላቱ በራሳቸው ነው የወጡት፤ መንገዱን ያውቁታል።

ባለቤቱ በመነጽራቸው ሥር ዓይናቸውን አፈጠጡበት። ቪዲዮ አንሺው ግን ራሱን ነቀነቀ።

“አይ ወንድሜ። ባለፈው ወር አንድ ሥራ አምልጦኛል። ደንበኛዬን ‘የእኔ ኮምፒውተር ገና አልተወለደም’ ልበለው? ያለውን ስጠኝ።”

ካርቶኗን አምጥቶ ሰጠው። ሰውየው እንደ ሕፃን አቅፏት ወጣ። በሩ ሲዘጋ መስኮቱ ሥር ያሉት ስክሪኖች ላይ ውሃው ተፈነጠቀ፣ ተሰበሰበ።

ምሳውን ቆሞ እየበላ የድረ ገጹን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበበው። ጠቅላላው ሐሳብ የሚያውቀው ስለነበር ዓይኑ ዝም ብሎ ይንሸራተት ነበር፤ መጨረሻው አንቀጽ ላይ ቆመ። ምንጮቹ እንዳረጋገጡት፣ ይላል፣ የአዲሱ ሞዴል ሙቅ አየር በቀኝ ጎን መሆኑ ቀርቶ በኋላ በኩል ይወጣል።

ማኘኩን አቆመ።

ይህን የትም አላነበበውም። የትኛውም ፎቶ ላይ አላየውም። አንድ ቀን ማታ እህቱ ቤት ተቀምጦ ስትሠራ ያያት ነበር። አሮጌው ላፕቶፕ ሙቀቱን የሚተፋው በቀኝ ጎኑ ነው፤ ማውሱን በያዘችበት እጇ ላይ የጣቶቿ ጀርባ ምጣድ የነካው መስሎ ቀልቷል። በየመሀሉ እጇን እያነሳች ታራግባለች፤ ከዚያ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ቤቱ ገብቶ የዚያን ዕለቱን ግምት ሲጽፍ መጨረሻው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረ። ምናልባትም ሙቀቱ በኋላ በኩል እንዲወጣ ያደርጉ ይሆናል። ማስረጃ አልነበረውም። የእህቱ እጅ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማግኘት ብዙ አልደከመም። ትልቁ ድረ ገጽ አንድ ሌላ ገጽ ጠቅሷል። ያኛው ደግሞ ሌላውን። በሌላ ቋንቋ የተጻፈው የመጨረሻው ላይ የተለጠፈ ፎቶ አለ፤ የእሱ ገጽ ነው፣ የእሱ ፊደል፣ የእሱ ዐረፍተ ነገር። በመንገድ ላይ የወደቀው “ምናልባትም” ብቻ ነው። በሬው የወለደው እሱ ቤት ነው፤ ጥጃው አድጎ በዋናው በር ሲመለስ አላወቀውም።

ታዲያ ፕሮሰሰሩስ? የግራፊክስ ቺፑስ? እነሱም ካለፈው ዓመት ተነሥቶ የቆጠራቸው ናቸው። እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ላይሆኑም ይችላሉ። እስካሁን በዓለም ላይ ይህን ያለ አንድ ሰው ነው፤ እሱም እዚህ ቆሞ ምሳ እየበላ ነው።

መደንገጥ እንዳለበት ገባው። ድንጋጤውን ጠበቀው፤ አልመጣም። ብዙ የተቀመጡበት እግር ሲነኩት እንደ ሌላ ሰው እግር እንደሚሆነው፣ ውስጡን ነካ ነካ አድርጎ ተወው።

“ጋሼ፣ ከዚያኛው ሞዴል ሌላ አይገኝም?” አለ።

“ከየት ይምጣ?”

“ቢታዘዝስ?”

ባለቤቱ ሳቁ። “አዲሱ ሊመጣ ነው፣ አሮጌውን አትዘዙ ያልከኝ ማን ነው? አንተ አይደለህ? እኔማ ሰማሁህ። ጎረቤቶቼም ሰሙህ። አሁን እዚህ መንገድ ላይ ባለው ሱቅ ሁሉ ብትዞር የምታገኘው ቻርጀርና ቦርሳ ነው።”

ዞረ። ያገኘው ቻርጀርና ቦርሳ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አስፈቅዶ ወደ ቤቱ ሄደ። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ እንደ ተከፈተ ነው። ስክሪኑ ላይ ዛሬ ማታ ሊለጥፈው ያዘጋጀው ጽሑፍ ርዕሱ ብቻ ተጽፎ ይጠብቀዋል፤ “ተረጋገጠ” ይላል። ስልኩ ውስጥ መልእክቶች ተደራርበዋል። እንኳን ደስ አለህ የሚሉ አሉ። አብዛኞቹ ግን የሚጠይቁት ያንኑ ነው። ርዕሱን ሰረዘው። ነጭ ገጹን ትንሽ አየና ክዳኑን ከደነው። ቻርጀሩን ከሶኬቱ ነቅሎ ጠቀለለ።

እህቱ በሩን ስትከፍት ፀጉሯ በእርሳስ ተጠቅልሎ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

“ጥራቱን ቀነስኩት” አለችው፣ ገና ሳይቀመጥ። “መስታወቱ እንደ ላስቲክ፣ እንጨቱ እንደ ካርቶን ሆነ። ይሄንን ይዤ ከምሄድ ብቀር ይሻላል።” ከዚያ በብብቱ ያለውን አየች። “ምንድን ነው?”

“የእኔ ነው። በዚህ አሠሪው።”

“ያልከው የሥራ ነው አልነበር?”

“ነበር።”

“በምን ልትጽፍ ነው ታዲያ?”

ሁለቱን ሳህኖች አንሥቶ አሮጌውን ላፕቶፕ ወደ ጎን ገፋና የራሱን በቦታው አስቀመጠ። ሥራዋን ወደ እሱ ላፕቶፕ ስታዛውር ከጎኗ ቆሞ ጠበቀ። ፊልሙ መሠራት ጀመረ። የመግቢያው በር ተከፈተ። ወለሉ ላይ የጠዋት ብርሃን ተኛ።

“አዲሱስ?” አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ። “ተረጋግጧል አላልክም?”

“አላውቅም።”

“እንዴት አታውቅም? ማን ነው ያረጋገጠው?”

“እኔ ነኝ።”

“አይ፣ አንተማ አልክ። ያረጋገጠው ማለቴ ነው።”

“እኔው ነኝ እታለም። የእኔው ወሬ ነው ዞሮ የመጣው። ሙቀቱ በኋላ በኩል ይወጣል ብዬ የጻፍኩት የተቃጠለ እጅሽን አይቼ ነበር። እሱኑ መልሰው ነገሩኝ።”

ዞር ብላ አየችው። ሊወቅሰው የተዘጋጀ ፊት ነበራት፤ ቆየና ሌላ ነገር ሆነ። ቀኝ እጇን አንሥታ አየችው፣ የሌላ ሰው ዕቃ የያዘች ይመስል።

“ዓመት ሙሉ” አለች ቀስ ብላ።

“አዎ።”

“የጠበቅኩት የራሴን እጅ ነው?”

ሊመልስላት ሲል ዓይኗ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። ሁለተኛው ፎቅ አልፏል። ደረጃው ወደ መታጠፊያው እየቀረበ ነው። የላፕቶፑ ማራገቢያ ድምፁን ከፍ አደረገ። መታጠፊያው መጣ፣ የእንጨቱ መደገፊያ ዞረ፣ አለፈ። ሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር በረዥሙ ተዘረጋ።

“አለፈ” አለች በሹክሹክታ። ከዚያ እጇን ከማውሱ ላይ አንሥታ አራገበች። የእሱም ላፕቶፕ ሙቀቱን የሚተፋው በቀኝ ነው።

በሩ አጠገብ ባዶ የጫማ ካርቶን ነበር። ክዳኑን በመቀስ ቆርጦ አጠፈና በማስወጫው ቀዳዳና በእጇ መሀል አቆመው። ሙቁ አየር ካርቶኑን መትቶ ወደ ኋላ ዞረ። እጇን መልሳ ማውሱ ላይ አደረገች።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ሊያወጣው እጁን ሲሰድ ጣቶቹ ቀድመው ፕላስተሩን አገኙት። ተሸብሽቧል፣ የኪስ ብናኝ ለብሷል። ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ ዘረጋው፤ “የእህቴ” የሚለው ይነበባል። ከላፕቶፑ ክዳን ጀርባ ላይ ለጠፈው። ጠርዙ ተነሣ። በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ እንደገና ተነሣ። እስኪይዝ ድረስ ተጭኖት ቆየ።